ቀምሩን ቢ እና የሦስት መቶ ዓመቱ ቅጠል

በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ፣ ሰው ፊትም ቀና ብዬ ለማውራት የማልደፍር ሰው ነኝ። ሥራዬ የምርምር ተቋሙን ሠራተኞች ብስክሌት መጠበቅ ነው። እዚያ ውስጥ ስንትና ስንት መጽሐፍ የጻፉ ሊቃውንት ተቀምጠው እኔ ብዕር ማንሳቴ ድፍረት እንደሆነ አይጠፋኝም። ግን እነሱ ስለ ቀምሩን ቢ አይጽፉም። ለምን እንደማይጽፉ ደግሞ ስትጨርሱት ይገባችኋል። የተጣመመ ፊደል ካያችሁ እለፉልኝ።

ቀምሩን ቢ በሕንድ፣ በቦፓል አሮጌው ከተማ የመጽሐፍ ጠራዥ ልጅ ናት። ማንበብ ያስተማራት የለም። ሙጫ እያፈላች፣ ክር እየሳበች ስላደገች ግን መጽሐፍ ሲታመም ታውቃለች። ሳትገልጠው ጠርዙን በአውራ ጣቷ ትዳብስና፣ ጠጋ ብላ ታሸትና «ይሄ ከውስጥ ተበልቷል» ትላለች። ሲከፈት እውነትም ብል ወንፊት አድርጎታል። ባሏ ሲሞት ተቋሙ በቀን ሠራተኛነት ወሰዳት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ቀን ሠራተኛ አቧራ አራገፈች።

ተቋሙ የጥንት ሕክምናን ከጥንት መጻሕፍት ጋር አዛምዶ ይመረምራል ይባላል። ሕንፃው በግራ የሕክምና ሰዎቹ፣ በቀኝ የመጻሕፍት ሰዎቹ ነው። የቀኞቹ፣ የግራዎቹ አንድ መስመር አሮጌ ፋርስኛ ማንበብ እንደማይችሉ ያወራሉ። የግራዎቹ ደግሞ፣ የቀኞቹ ጉበትና ኩላሊት እንደማይለዩ። ስለ ሁለቱም የተባለው ልክ ነው። የሚስማሙት ጠዋት ላይ ጃሌቢ ሲመጣ ብቻ ነው። ያን የስኳር ውሃ የሚንጠባጠብበትን ጥብስ በግራ እጃቸው መጽሐፍ፣ በቀኝ እጃቸው እሱን ይዘው ይበላሉ፤ ከዚያ ጣታቸውን ልሰው ገጽ ይገልጣሉ።

ከሁሉም በላይ ዳይሬክተሩ ዶክተር ፋሲሁዲን ሳሂብ አሉ። ማዕረጋቸውን በር ላይ ለመጻፍ አንድ ሰሌዳ አልበቃ ብሎ ሁለተኛ ተጨምሯል።

መጋዘኑ ውስጥ አንድ የጥንት ሐኪም የጻፈው መጽሐፍ አለ። ስለ ስኳር በሽታ የሚናገረው ምዕራፍ ከሁሉም ይበልጥ ይነበባል፤ ምክንያቱም ከሊቃውንቱ ግማሾቹ በሽታው አለባቸው። ጃሌቢያቸውን እየበሉ ያነቡታል። ገጹ ስኳር ስለጠጣ ብሉ መጽሐፉን ሁሉ ትቶ እዚያ ሰፈረ። ቀምሩን ቢም የብል ማባረሪያ ቅጠሏን ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚያ እጥፍ አድርጋ ጨመረችበት።

ቅጠሉ የአባቷ ዘዴ ነው። ከእኔ ብስክሌት ማቆሚያ ጀርባ፣ በግንቡ ሥር፣ ሰዉ ሁሉ «ይሉኝታ ቢስ» የሚለው ቁጥቋጦ አለ። ቢቆርጡት ይበቅላል፣ ቢነቅሉት ይበቅላል። ፍየል ከበላው መጀመሪያ ያንገዳግደዋል፣ ቆይቶ ይገድለዋል። ብልም አይወደውም። በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ቀምሩን ቢ ትቆርጣለች፣ ታደርቃለች፣ በየመጽሐፉ ትከታለች። ስታልፍ ስታገድም እኔ አያታለሁ። ዶክተሮቹም ያልፋሉ፤ እነሱ አያዩም።

አንድ ቀን ዶክተር ፋሲሁዲን ያን መጽሐፍ ቢያነሱት በራሱ ጊዜ ስኳሩ ምዕራፍ ላይ ተከፈተና ቡናማ ቅጠል እግራቸው ሥር ወደቀ። ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ተላላኪውን ነንሄ ካንን ምስክር ይሁን ብለው ጠሩት።

«ነንሄ ካን፣ ምን ይታይሃል?»

«ቅጠል ነው ሳሂብ። ልጥረገው?»

«እንዳትነካው። ሐኪሙ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በገዛ እጁ ያስቀመጠው ነው። መድኃኒቱ ይሄ ነው።»

ቅጠሉ ወደ ግራው ክንፍ ተላከ። ከአንድ ወር በኋላ ሁለት ገጽ ውጤት መጣ፤ ቡናማ ነው፣ ደረቅ ነው፣ የእፅዋት ወገን ነው ይላል። «ይህን እኔ ለአንድ ስኒ ሻይ እነግራቸው ነበር» አለኝ ነንሄ ካን። የየትኛው ተክል እንደሆነ ስላላወቁት፣ ከምድር የጠፋ ተክል ነው ብለው ወሰኑ። ከጠፋ ደግሞ ውጭ ወጥቶ ማን ይፈልገዋል? አንዱ ቅጠል በመስታወት ሣጥን ገባ፤ ከዚያው መጽሐፍ የሚለቀመው ተፈጭቶ ሃያ በሽተኞች ሰኞ ዕለት ከዴልሂ በመጡ እንግዶች ፊት እንዲጠጡት ተባለ። ከዝርዝሩ የመጀመሪያው ስም ሹብራቲ ነው። ሹብራቲ የቀምሩን ቢ ታናሽ ወንድም ነው።

ቅጠሉን እንድትለቅም የታዘዘችው እሷው ናት። ትእዛዙን ስትሰማ መጥረጊያ ጨርቋን እጇ ላይ ጠቅልላ ቢሮው በር ላይ ቆመች።

«ሳሂብ፣ ያንን ቅጠል ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«ሲወድቅ መልሰሽ አስገብተሽው ይሆናል። ደግ አድርገሻል።»

«አይ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ ከብስክሌቶቹ ጀርባ ካለው ይሉኝታ ቢስ። መርዝ ነው ሳሂብ።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው በአዘኔታ አዩዋት። «ቀምሩን ቢ፣ ይሄ እኮ የሦስት መቶ ዓመት ቅጠል ነው።»

«እኔ ስልሳም አልሞላኝ።»

«አየሽ? እንግዲህ አንቺ ልትሆኚ አትችዪም።»

ወጣች። ከአፍታ በኋላ አምስት መጻሕፍት ታቅፋ ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። በየአንዳንዱ ውስጥ ያው ቅጠል አለ። አንዱ ስለ ፈረስ ነው፣ አንዱ የወጥ አሠራር፣ አንዱ የፍቅር ግጥም፤ የቀሩትን ምን እንደሆኑ አላውቅም፣ እሷም አታውቅም።

«ሐኪሙ መድኃኒቱን ወጥ ውስጥም ከተተው?» አለች።

ዶክተሩ እያገላበጡ አዩ። ፊታቸው በራ። «ምን ዓይነት ሰፊ አንባቢ ነበር» አሉና ማስታወሻ ደብተራቸውን ሳቡ። ያደረገችው ነገር ቢኖር ለጽሑፋቸው አንድ ምዕራፍ መጨመር ነው።

ያን ዕለት ማታ ወንድሟ ቤት ሄደች። ሹብራቲ በረንዳው ላይ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል።

«ሰኞ አትሄድም» አለችው።

«አፓ እህቴ፣ ደግሞ ምን ልትይ ነው?»

«የሚያጠጡህ ይሉኝታ ቢስ ነው። የጎረቤታችን የመሕቡብ ሦስት ፍየሎች በምን እንደሞቱ ረስተኸዋል?»

«እኔ ፍየል ነኝ?»

«ፍየልም አንዴ ከለመደው ካልበላሁ ብሎ ይታገላል። ምን ለያችሁ?»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። «እነሱ ዶክተሮች ናቸው አፓ። አንቺ የመጽሐፉን ጀርባ ነው የምታውቂው፣ እነሱ ሆዱን ያነባሉ። መርፌው ሰልችቶኛል። እነዚህን ሁለት የእግር ጣቶቼን ስነካቸው የሌላ ሰው ነው የሚመስሉኝ። አንድ ነገር ያድናል ሲባል ልመን እንጂ፤ ተዪኝ።»

እግሩን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችለትና ሄደች።

አሁን ትእዛዙ ከመጻሕፍቱ ሁሉ እንዲለቀም ስለሆነ፣ እሑድ ቀኑን ሙሉ ለቀመች። ያሉትን መጻሕፍት በሙሉ አንድ ባንድ አራገፈች። የቀኝ ክንፍ ሰዎቹ እንደ አገሩ ልማድ ጨው ያለበት ሻያቸውን ይዘው መጥተው ቆመው ያዩዋት ነበር፤ አንዱም ጎንበስ ብሎ አላነሳላትም። «ቀምሩን ቢ፣ ቀስ፣ ታሪክ ነው» ይላታል አንዱ፣ ጃሌቢ እየላሰ። ማታ ላይ አንድ ጆንያ ሞላ። ጆንያውን መጋዘኑ ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ሄደች።

ሰኞ ጠዋት እንግዶቹ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ሃያዎቹ በሽተኞች ምንም እንዳትቀምሱ ስለተባሉ በባዶ ሆዳቸው ተሰልፈዋል፤ ሹብራቲ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ከፊት ነው። ነንሄ ካን ቅጠሉን የሚቀበልበት የብር ትሪ ተሸክሞ ቆሟል። ቀምሩን ቢ ጆንያውን በጭንቅላቷ ተሸክማ ከመጋዘኑ ወጣች። ወደ ትሪው መጣች፣ ትሪውን አለፈችው። አትክልተኛው በየሰኞው ቆሻሻ ወረቀት የሚያቃጥልበት ጉድጓድ ከእኔ ማቆሚያ አጠገብ ነው፤ እሳቱም ተያይዟል። ጆንያውን እላዩ ላይ ገለበጠችው።

ደረቅ ቅጠል ጊዜ አይፈጅም። ጭሱ ወደ በረንዳው ሄደና እንግዶቹ እያሳሉ ተነሱ። ዶክተር ፋሲሁዲን ያለ ጫማ ሮጠው መጡ፤ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም።

«ሦስት መቶ ዓመት አቃጠልሽ።»

«የአምናውን ነው ሳሂብ። አዲሱ እዚያ ከግንቡ ሥር ሞልቷል። ወንድሜ ከመጠጣቱ በፊት አንድ ቅጠል እርስዎ እንግዶቹ ፊት ይብሉና እንይ።»

ወደ ጠቆመችበት ማንም አልሄደም። አርባ እርምጃ አይሞላም፤ እኔ ብዙ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ዶክተሩ ፊታቸውን ወደ እንግዶቹ አዙረው በተሰበረ ድምፅ ንግግር አደረጉ፤ የሰው ልጅ መድኃኒቱን በአንዲት መሃይም እጅ አጣ አሉ። ለጠፋው ቅጠል ሁሉም ቆሞ አንድ ደቂቃ ዝም አለ። በሽተኞቹም ዝም አሉ፣ እነሱ ግን ርቧቸው ነው። መስታወት ውስጥ ያለው አንዱ ቅጠል ለአንድ ሰውም ስለማይበቃ ሁሉም ወደየቤቱ ተባለ። በኋላ ስለ ጠፋው ቅጠል ወፍራም መጽሐፍ ወጣ። ብል ጀምሮታል ሲሉ ሰምቻለሁ።

ሹብራቲ እህቱ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። «አዋረድሽኝ። ሁለተኛ ቤቴ እንዳትመጪ» ብሎ አለፈ።

ነንሄ ካን የመጋዘኑን ቁልፍ እንዲቀበላት ተላከ። ዓይኗን ማየት አቅቶት መሬት መሬቱን እያየ «ከነገ ጀምሮ አትምጪ ብለዋል፣ ቀምሩን ቢ» አላት። ቁልፉን ሰጠችው። መጥረጊያ ጨርቋን ግን አጥባ፣ አጥፋ፣ ይዛው ሄደች፤ የራሷ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ገና ሲነጋ ወንድሟ በር ላይ ደረሰች። አንኳኳች፣ አልከፈተላትም። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ ስትወጣ ሹብራቲ ወጣ፤ አጠገቧን አልፎ ወደ መንግሥት ሆስፒታል፣ ወደ መርፌው መንገድ ጀመረ። እግሩን እየጎተተ ስለሚሄድ ለመከተል አላስቸገራትም። ከኋላው አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ሄደች። ሆስፒታሉ በር ላይ ሰልፉ እስከ መንገዱ ወጥቷል። ሹብራቲ መቆም ሲያቅተው ዞር ሳይል የካርዱን ወረቀት ወደ ኋላ ዘረጋ። ተቀበለችው፤ እሱ ግንቡ ጥላ ሥር ሄዶ ተቀመጠ፣ እሷ በቦታው ተሰለፈች።