ወንዝ ያለበት የመቐለ ካርታ

ማክሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፤ ማይጨው

ጣሊያን ጥሎት ከሄደው መጋዘን የተገኘ የጦር ካርታ ይዤ በጭነት መኪና ተነሣሁ። የከተማውን ስም አይጥ በልቶታል፤ ሣጥኑ ከመቐለ ስለመጣ ግን አለቃዬ «መቐለ ነው» ብለው ቆርጠዋል። ሰፊ ወንዝ፣ ሦስት ድልድይ፣ በወንዙ ዳር ትልቅ ፋብሪካ ይታያል። የጠላት ንብረት ነውና የእኔ ሥራ ፋብሪካውን አግኝቶ ለመንግሥት ማሸግ ነው። ካርታ አነባለሁ ብዬ ነው የተቀጠርኩት፤ ሳላገኘው ብመለስ ከእንጀራዬ መነቀሌ ነው።

አምስት ሰዓት፤ ኣዲ ጉዶም

የኣላጄን ጠመዝማዛ መንገድ አልፈን ቆምን። ሾፌሩ ሐጎስ በለስ ገዝቶ ጋበዘኝና ካርታውን አየ።

«ኣንታ፣ እኔ መቐለ ነው የተወለድኩት። ይሄ ሁሉ ወንዝ የት ተደብቆ ነው?»

«አንተ ካርታ አታነብም» አልኩት። እኔም አላነብም፤ እሱን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

ዘጠኝ ሰዓት፤ መቐለ

ከከተማው ዳር ሁለት ሽማግሌዎች አገኘሁ፦ አያ ካሕሳይና አያ ገብረመድህን። በአንድ ማሳ ድንበር ሲካሰሱ የኖሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ካርታ የሚለውን ቃል እንደሰሙ ወንዙን ማን ይፈልጋል? ድንበራቸውን ፍለጋ ተደፉበት።

«ከድልድዩ ወዲህ የአባቴ ርስት ነው!» አለ አያ ካሕሳይ።

«ሐሰት! ድልድዩን ራሱ አያቴ ነው የሠራው!»

ጣታቸው ካርታው ላይ ካለው ፋብሪካ ሲደርስ ዱላ ተማዘዙ። ለጣሊያኖች ምግብ ታበስል የነበረችው ወይዘሮ ለተብርሃን ጩኸቱን ሰምታ መጣች፤ ጣሊያንኛ ታነባለችና ከጠርዙ ያሉትን ደቃቅ ፊደሎች አየች።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ይሄ እኮ እዛው ጣሊያን አገር ያለ ከተማ ነው።»

አልቆልኛል ብዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አያ ካሕሳይ ግን ቅንጣት አልደነገጠም።

«ታዲያ እነሱስ አገራችንን አምስት ዓመት ይዘው የለም እንዴ? ርስቴን አልለቅም!»

«ርስቱ የኔ ነው እንጂ!» አለ አያ ገብረመድህን።

ያን ጊዜ አእምሮዬ ተከፈተ። ወረቀት አውጥቼ «ፋብሪካው የሁለት ባለርስቶች ክርክር ስላለበት ሊታሸግ አልቻለም» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም በአውራ ጣታቸው ፈረሙልኝ፤ ለአለቃዬ እንዲያደርስ ለሐጎስ ሰጠሁት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፤ መቐለ

መልሱ መጣ፦ «ክርክሩ እስኪወሰን እዚያው ቆይ። ደመወዝህ ይላክልሃል።» ደስ ብሎኝ ሁለቱን ሽማግሌዎች እያገላበጥኩ ሳምኳቸው።

ትናንት ግን አያ ካሕሳይ አርጅቻለሁ፣ ልታረቅ ነው ብሎ ተነሣ። እግሩ ላይ ወድቄ አስቀረሁት።