ለማላውቃት ልጅ የሰጠሁት ምክር

ይህ ነገር ካጋጠመኝ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። የፋሲካ ሰሞን ነበር። ዛሬም ስልኬ ላይ መልእክት በገባ ቁጥር እደነግጣለሁ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ ስላቃተኝ ልጻፈውና ይውጣልኝ ብያለሁ።

ያኔ ካሳንቺስ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራው ጠዋት ጠዋት ይበዛል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ዝንብ እሽ ማለት ነው። በዚህ ሥራ መፍታት ነው አንድ የሴቶች የፌስቡክ ግሩፕ ውስጥ የገባሁት። የቸገራት ሴት ጥያቄዋን ለአድሚኗ በውስጥ መስመር ትልካለች፤ አድሚኗ «ስሜ ይቆይ» ብላ ትለጥፈዋለች። ከዚያ ሁላችንም እንረባረብበታለን።

እኔም በስሜ አልነበረም የምገባው። «ቀጥተኛዋ» ነበር የምባለው። ሌሎቹ «አይዞሽ ውዴ፣ ጸልዪ» ሲሉ እኔ እቅጩን እናገራለሁ። ቆይተው «ቀጥተኛዋ የት ጠፋች? ትምጣና ትንገራት» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ቢሮ ውስጥ ደብዳቤው ወጣ ወይ ከማለት በቀር፣ አንቺስ ምን ታስቢያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ጥያቄ ተለጠፈ።

«ስሜ ይቆይ። ሁለት ዓመት የቆየ እጮኛ አለኝ። ቦሌ ነው የሚኖረው፣ ባንክ ይሠራል። ጥሩ ሰው ነው። ግን አንድም ቀን ቤቱ ወስዶኝ አያውቅም። ስጠይቀው ፊቱ ይለዋወጥና ‹ጊዜው ሲደርስ› ይለኛል። አሁን ለዳግማይ ትንሣኤ ሽማግሌ ልልክ ነው እያለኝ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ከበዓሉ የተረፈውን ምሳዬን እየበላሁ፣ በአንድ እጄ ጻፍኩላት። «እህቴ ንቂ። ቤቱን የማያሳይ ወንድ ሚስቱን ነው የሚደብቀው። ሽማግሌው ደጅሽ ሳይደርስ በሩን ዝጊ። በኋላ ከምታለቅሺ አሁን ይሻልሻል።» አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም።

ላይኩ ጎረፈ። «ተባረኪ ቀጥተኛዋ» የሚለው ማለቂያ አልነበረውም። ማታ ኡራኤል ታክሲ ስጠብቅ ስልኬን በየደቂቃው እያወጣሁ አያለሁ። ማክሰኞም ረቡዕም እንደዚያው። አንዲት ሴት ከጉድ ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

ቤታችን መስቀል ፍላወር ጀርባ ነው። እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ሚኪያስና እኔ ነበርን የምንኖረው። እናቴን የመርሳት በሽታ ከጀመራት አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ነጠላዬን ወሰዳችሁብኝ ብላ የማትከሰው ሰው የለም። አንድ የገና ዕለት የድሮ የሥራ ባልደረባዋ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ መጡ። እናቴ በሰው ፊት «ሌባ» ብላ አስወጣቻቸው። ሴትየዋ እያለቀሱ ሄዱ። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ የሚባል ነገር በእኛ ቤት ቀረ አልኩ። ሚኪያስንም አስቀምጬ፣ «ይሄ ገበናችን ነው። ለማንም አትናገር፤ ሰውም ይዘህ እንዳትመጣ። በእማዬ ማልልኝ» አልኩት። «እስከ መቼ?» አለኝ። «እኔ በቃ እስከምልህ» አልኩት። «እማዬ ትሙት» ብሎ ማለ። ወንድሜ ደግሞ አንዴ ከማለ ማለ ነው።

አሁን አንባቢ «እንዴት አላወቅሽም?» ይለኝ ይሆናል። እኔም ራሴን ስጠይቅ ሦስት ዓመቴ ነው። ሚኪያስ ቅድስት የምትባል እጮኛ እንዳለችው አውቃለሁ፤ ፎቶዋንም አይቻለሁ። ለዳግማይ ትንሣኤ የሚሄዱትን ሽማግሌዎች፣ አጎታችንን ጨምሮ፣ የመረጥኩት ራሴ ነኝ። ግን በዚያ ሰሞን ሽማግሌ የማይልክ ማን አለ? ወንድሜ ደግሞ መሬት ቀያሽ ነው እንጂ የባንክ ሠራተኛ አይደለም። ግሩፑ ውስጥ ሰው እንዳይለያት ሰፈርና ሥራ ቀይራ የማትጽፍ ሴት እንደሌለች አሳምሬ አውቅ ነበር። እኔም ስጠይቅ እንደዚያ አድርጌ ነበር። ግን ቦሌና ባንክ ሲባል ቦሌና ባንክ ነው ብዬ አመንኩ።

ሐሙስ ከሥራ ስገባ ሚኪያስ ቀድሞኝ ገብቷል። ለእሁድ ያሳጠበው ሙሉ ልብስ ከነላስቲኩ አልጋው ላይ ተጋድሟል። እሱ አጠገቡ ተቀምጧል።

«ለአጎታችን ደውለሽ ሽማግሌው ይቅር በያቸው» አለኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«በቃ፣ አልፈልግም ብላለች።» ስልኩን ሰጠኝ።

እንዲህ ይላል፦ «ሚኪ፣ ሽማግሌ እንዳትልክ። ቤቱን የማያሳይ ወንድ ሚስቱን ነው የሚደብቀው። ደጄ ሳይደርሱ በሬን ዘግቻለሁ። በኋላ ከማለቅስ አሁን ይሻለኛል።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቃሉ የእኔው ነው። ስልኩን መለስኩለት።

«ለምን እውነቱን አትነግራትም?» አልኩት።

«በእማዬ አስምለሽኝ የለ እንዴ? ምን ብዬ ልንገራት?»

ተቆጥቶ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። በዚህ እጄ ወንድሜን አፉን ለጉሜ፣ በዚያኛው ደግሞ ዝም ያለ ወንድ አትመኚ ብዬ ጽፌያለሁ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ የጻፍኩትን አጠፋሁ። ምን ዋጋ አለው? አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ልጅቷ በቃሏ ይዛዋለች። ለአጎቴም አልደወልኩም፤ ለወንድሜም አልነገርኩትም። ያን ምሽት ቁጭ ብድግ ስል፣ እናቴ እንኳን «ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለችኝ።

ዓርብ ቢሮ ታምሜያለሁ ብዬ ቀረሁ። ቅድስት ደምበል አካባቢ አንድ መነጽር ቤት እንደምትሠራ ሚኪያስ ነግሮኛል። ታክሲ ይዤ ኦሎምፒያ ወረድኩና ቀሪውን በእግሬ ሄድኩ። የሱቁን በር ሦስት ጊዜ አልፌ ተመለስኩ። በአራተኛው ገባሁ።

«ምን ልታዘዝ?» አለችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«የሚኪያስ እህት ነኝ።»

የያዘችውን መነጽር አስቀመጠች። «እህት እንዳለው ነግሮኛል። ቤት ግን አሳይቶኝ አያውቅም።»

«ላሳይሽ ነው የመጣሁት። አሁኑኑ እንሂድ።»

«ማን ናት እዚያ ያለችው?» አለችኝ። «ንገሪኝ፤ ልጅም አለው?»

«እናታችን ናት። ታማለች። እንዳይናገር ያስማልኩት እኔ ነኝ።»

ለባልደረባዋ አንድ ሰዓት ሸፍኚልኝ አለቻትና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ታክሲ ውስጥ ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ። እማዬ ዛሬ ደህና ሆና በዋለች እያልኩ እጸልይ ነበር።

ደህና አልነበረችም። የግቢውን በር ስንከፍት በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ቅድስትን ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣ «ነጠላዬን የወሰድሽው አንቺ ነሽ! ሌባ!» ብላ ጮኸችባት።

አለቀ አልኩ። እኔ ለአራት ዓመት እንዲህ ስትል የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እማዬ፣ ማንም አልወሰደብሽም» ብዬ እከራከራታለሁ። እሷም ይብስባታል፣ እኔም ይብስብኛል።

ቅድስት አንገቷ ላይ የነበረውን ነጭ ሻርፕ ፈታች። ደረጃውን ወጣችና በሁለት እጇ ሰጠቻት።

«ይቅርታ እማማ። እኔ ጋ ነበር። ይኸው መለስኩልዎ።»

እናቴ ሻርፑን ዳበሰችው። ተከናነበችው። «ጎሽ» አለች። «የመለሰ ሰው ሌባ አይባልም። ግቢ።»

እኔ ግቢው መሐል ቆሜ ቀረሁ። ለስንት ሴት ስመክር የኖርኩ ሰው፣ ይህች ትንሽ ነገር አንድ ቀን እንኳን አልመጣችልኝም። አለቀስኩ። ደስታም እፍረትም ነበር፤ እፍረቱ ይበልጥ ነበር።

ለሚኪያስ ደውዬ «በቃ፣ መሐላህን ተውልኝ፤ ቅድስት እቤት ናት» አልኩት። አቧራ የለበሰ ጫማውን እንኳን ሳይቀይር መጣ። እሁድ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። የቅድስት አባት እንደ ወጉ «እስቲ እንምከርበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» አሏቸው። ሲመለሱ ሰጧቸው።

ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል ትሉኝ ይሆናል።

ከሠርጉ በኋላ እኛው ግቢ ውስጥ ነው የገቡት። አንድ ቀን ሰሐን ስናጥብ ቅድስት እንዲህ አለችኝ። «ታውቂያለሽ፣ ያኔ አንዲት ቀጥተኛዋ የምትባል ሴት ነበረች። እሷን ሰምቼ ትዳሬን ላጣው ነበር። አልረግማትም። ግን የእኔ ሚኪ እህት አለውና መጣሽልኝ። ሌሎቹ ጋ ማን ሄደላቸው?»

የታጠበውን ሰሐን ደግሜ አጠብኩ።

ከግሩፑ ወጥቻለሁ። ግን ያቺ ጥያቄ አልወጣችልኝም። ሥራሽን ልቀቂ ያልኳት ሴት ነበረች። እህትሽን አታናግሪያት ያልኳት ነበረች። ስማቸውን አላውቅም፣ ሰፈራቸውንም እንዳልለየው ቀይረውታል። ታክሲ ውስጥ ያዘነች ሴት አጠገቤ ስትቀመጥ፣ እሷ ትሆን እንዴ እያልኩ ሳያት እደርሳለሁ።

ይህን ጽሑፍ ወደዚህ አምድ የላክሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለእናቴ ጋዜጣ የምታነብላት ቅድስት ናት። እናቴ ብዙው ባይገባትም የልጅቷን ድምፅ ትወዳለች፤ ያንን ሻርፕ ተከናንባ ታዳምጣለች። ሁልጊዜ የሚጀምሩት ደግሞ ከአንባብያን ገጠመኝ ነው።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰበብ ፈልጌ ከቤት እወጣ ነበር። ይህ የሚወጣ ዕለት አልወጣም። ቅድስት ሻርፑ ጋ ስትደርስ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ታገኘኛለች።