«ሳ ቫ» ከምን መጣ

መካነ ሰላም በምሠራበት ቢሮ፣ ጅቡቲ ለዓመታት ከባድ መኪና የነዳ ሾፌር ነበረን። ጠዋት ሲገባ ሁላችንንም «ሳ ቫ?» ይለናል፤ እኛም «ሳ ቫ» እንለዋለን። ፈረንሳዮች ደህና ነህ ወይ የሚባባሉበት ነው። አንድ ቀን ከምን እንደመጣ አጫወተን። ጅቡቲ ጎረቤቱ የነበረ አስተማሪ እንደነገረው፣ ድሮ በፈረንሳይ አገር የሰው ጤና የሚታወቀው በሰገራው ነበር አሉ። ሰዎች ሲገናኙ ሆድህ በደንብ ይሄዳል ወይ ይባባሉ ነበር፤ ኋላ «ሳ ቫ?»፣ ማለትም «ይሄዳል?» የሚለው ብቻ ቀረና ሰላምታ ሆነ። እውነት ይሁን ፈጠራ አላውቅም። እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከሁሉም አብዝቼ የቀለድኩት እኔ ነበርኩ።

አባቴ ወግዲ ከእህቴ ጋር ይኖሩ ነበር። አርብ አርብ ከጁምዓ ስመለስ እደውልላቸዋለሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ጎረቤቱ ሁሉ እጠይቃለሁ። እርስዎስ ስላቸው «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ በዚያው እንሰነባበታለን። እህቴ አንዴ ስልኩን ተቀብላ፣ ከስተዋል ብላኝ ነበር። የረመዳን ጾም ነው አልኳት።

ያን ቀን ከሳቅን ወር ሳይሞላ እህቴ በሚኒባስ ይዛቸው መጣች። ደግፋ ስታወርዳቸው አባቴ መሆናቸውን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ሆስፒታል ወስደናቸው ሐኪሙ ሰገራዎ እንዴት ነው ሲላቸው እኔን አይተው ዝም አሉ። ውጣልን አለኝ። ኋላ ጠርቶ እንደነገረኝ፣ ደም ማየት ከጀመሩ ስምንት ወር አልፏቸዋል፤ የአንጀታቸው ዕጢም ጉበታቸው ደርሷል።

አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ «አባባ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?» አልኳቸው።

«መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም።

ደሴ ልውሰድዎ ብላቸው እምቢ አሉ። ወግዲ መለስናቸው፤ በአስራ አንደኛው ቀን አረፉ።

ለቅሶው ላይ እህቴ ልብሳቸውን ስታጥብ ደሙን ታይ እንደነበር፣ እሳቸው ግን እንዳትነግረኝ እንዳስማሏት ተናገረች። መሐላውን ለምን አላፈረስሽም አልኳት፣ ያውም ሰው ፊት።

«አንተስ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ፣ ስንት ወር ሳትመጣ ቀረህ?» አለችኝ።

ዘጠኝ ወር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስደውል አታነሳም። ዘንድሮ ከአባታችን ማሳ የደረሰኝን ጤፍ በሰው ላከችልኝ። የጆንያው አፍ በጥንቃቄ ተሰፍቷል። ያመጣውን ሰው ምን አለች ብዬ ብጠይቀው፣ ምንም አላለችም አለኝ።