ኳስ መራጭ ኮሚቴ

ነገሌ ቦረና በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ስሠራ፣ የኳስ መራጭ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኜ አውቃለሁ። የእግር ኳስ እንዳይመስላችሁ። ከፒክአፕ መኪና ኋላ የምትታሰር፣ ተሳቢ የሚያያዝባት፣ ከቡጢ የምታንስ የብረት ኳስ ናት። እሷን ለመምረጥ አምስት ሰው ሦስት ጊዜ ተሰብስቧል።

ድርቁ የበረታበት ዓመት ነበር። አንድ ረድኤት ድርጅት ሺህ ሊትር የሚይዝ ታንከር የተጫነበት ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ሰጠን። ተሳቢው ሲመጣ አንገቱ ላይ ሰንሰለት ነበረው፤ ከኳሱ ቢወልቅ እንኳ ከመኪናው ጋር አያይዞ የሚያስቀር ነው። የርክክብ ሰነዱ «ተሳቢ፣ ብዛት አንድ» ይላል እንጂ ሰንሰለት አይልም። ስለዚህ ፈታሁትና መጋዘን ውስጥ ቆለፍኩበት። ንብረት ጠባቂ ማለት እኔ ነበርኩ!

ፒክአፓችን የኳሱ መቀመጫ ብረት አላት፤ ኳሱ ግን ማን እንደወሰደው አይታወቅም። ሹፌራችን፣ የዚያው አካባቢ የወደራ ልጅ ነው፣ «አንድ ቀን ስጡኝ፣ ገዝቼ አስሬ እመጣለሁ» አለ። ኃላፊያችን ግን ከደጋ ተመድበው የመጡ፣ በነገሌ ሙቀት ኮታቸውን የማያወልቁ፣ ንግግር ከእንጀራ የሚያስበልጡ ሰው ነበሩ። «የሕዝብ ንብረት በአንድ ግለሰብ ፍላጎት አይመረጥም» አሉና ኮሚቴ አቋቋሙ። ሹፌሩን በኮሚቴው አላካተቱትም። ለእሱ ስለሚገዛ ገለልተኛ አይሆንም ተባለ።

በሦስተኛው ስብሰባ ከገበያ የመጡ ሁለት ኳሶች ጠረጴዛ ላይ ቀረቡ። አንዷ እንደ መስታወት ታበራለች፤ ኃላፊው አንስተው ፊታቸውን አዩባት። ሌላዋ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሻጩ ጣት ቅባት ያልለቀቃት ናት። አንድ የኮሚቴ አባል ጥቁሯን ነክቶ እጁን በመሐረብ ጠረገ። በዚያው ምርጫው አለቀ። እኔም በቃለ ጉባኤው ላይ «የመሥሪያ ቤቱን ገጽታ ከመገንባት አንጻር አንጸባራቂዋ ተመራጭ ሆናለች» ብዬ ጻፍኩ። ዐረፍተ ነገሩ ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ኳሷን እንዲያስሩልን ከጦር ሰፈሩ ጋራዥ በጡረታ የወጡ አንድ ሃምሳ አለቃ ተጠሩ። ከጎጃም ለውትድርና መጥተው እዚያው የቀሩ፣ አማርኛቸው መሀል ኦሮምኛ ጣል የሚያደርጉ አዛውንት ናቸው። ኳሷን ተቀበሉኝ፣ ገለበጧት፣ አናቷ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉ። ከዚያ ወደ ተሳቢው ሄዱና ኳሱን የሚጎርሰውን ጽዋ መሰል ብረት አዩ።

«አንብበኸዋል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ጽዋው ላይ ሃምሳ ሚሊሜትር ይላል። ይቺ በኢንች ነው የተጻፈባት፤ ስትለካ አርባ ሰባት ተኩል ብትሆን ነው። አንገቷም ቀጭን ነው። የምትሸከመው ክብደት እዚሁ ተጽፎባታል፤ አንድ ቶን ውኃ ከነብረቱ አትችልም። ገበያ ያለችውን ጥቁሯን ለምን ተዋችኋት?»

ገጽታ ልላቸው አፈርኩ። ኃላፊው ከኋላችን ደርሰው ሰሙ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ልዩነቱ ስንት ነው አሉ?»

«ሁለት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው ጌታዬ።»

«ሁለት ሚሊሜትር!» አሉና ትንሿን ጣታቸውን አሳዩን። «የእኔ ጥፍር እንኳን ከዚያ ይረዝማል። ይሰሯት፣ ያጥብቋት፤ ነገ ምረቃ ነው።»

ሃምሳ አለቃው ኳሷን አስቀመጡ። «እኔ አላስርም» አሉና «ናጋቲ» ብለው ሄዱ፤ ደህና ዋሉ ማለታቸው ነው። ሌላ ሰው ተፈልጎ አሰራት። ሹፌሩ ግራሶ ሊቀባት ጣሳውን ሲከፍት ኃላፊው ጮኹበት። «ገና ፎቶ ይነሳል! ምን ያለ ቆሻሻ ነው የምትቀባው?»

በማግስቱ ታንከሩን ሞልተን በወደራ መንገድ ወጣን። ሹፌሩ ይነዳል፣ ኃላፊው አጠገቡ፣ እኔ ባነር ጭኔ ላይ ዘርግቼ ከኋላ። ከዋናው መንገድ ተገንጥለን ምረቃው ወደሚደረግባት ቀበሌ የሚወስደውን አፈር መንገድ ስንይዝ፣ አቧራው መስታወቱን ሸፈነው። ከኋላችን ቀይ ግድግዳ እንጂ ሌላ አይታይም። ተሳቢው በየጉድጓዱ ቋ፣ ቋ ይላል። ትንሽ እንደሄድን አንድ ትልቅ ጎድጓዳ ቦታ ዘለልን። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

«ጌታዬ፣ መኪናው ቀለለኝ» አለ ሹፌሩ። «ልቁምና ልይ።»

«ሰርቪስ አስደርገን የለ እንዴ! ጉልበት አገኘ ማለት ነው። ሕዝቡ በፀሐይ ላይ እየጠበቀን አንቆምም።»

እኔም ድምፁ መጥፋቱን ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ። ኃላፊ ሲናገር ዝም ማለት ከቃለ ጉባኤ አጻጻፍ ቀጥሎ የተካንኩበት ሙያ ነበር።

ቀበሌዋ ስንደርስ ሴቶች ቢጫ ጀሪካናቸውን ደርድረው ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ተነሱ፣ እልል አሉ። ኃላፊው አቧራው ሳይበተን ወርደው ኮታቸውን አራገፉ፣ ሹፌሩን እንዲያስተረጉም ጠሩና ጀርባቸውን ለመኪናው ሰጥተው ንግግር ጀመሩ። እኔ ባነሩን ይዤ ጎናቸው ቆምኩ። «ውኃ ሕይወት ነው» አሉ። ሹፌሩ ወደ ኦሮምኛ ሊመልስ አፉን ከፍቶ ወደ ኋላ ዞር አለ፤ አፉን እንደከፈተ ቀረ። እልልታው ቀዘቀዘ። ሴቶቹ የሚያዩት ኃላፊውን አልነበረም፤ ከኋላቸው ያለውን ነበር።

አንዲት ሸምገል ያሉ እናት ጀሪካናቸውን እንዳንጠለጠሉ መጡ፣ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት፣ ጎንበስ ብለው ኳሷን አዩ።

«ቢሻን ኤሳ?» አሉ። ውኃው የታለ?

ኃላፊው የገባቸው ያኔ ነው። ዞር አሉ። አቧራ ለብሳ እንኳ የምታበራ ኳስ ብቻዋን ቀርታለች። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ፤ እኔም ባነሩን ቀስ ብዬ መጠቅለል ጀመርኩ። ምን አደርግ ነበር?

ሹፌሩ ማንንም ሳያስፈቅድ መኪናዋን አዞረ። ሴቶቹ ግን አልጠበቁንም፤ ጀሪካናቸውን ይዘው በእግር መንገዱ ቆርጠው ሮጡ፣ ከእኛም ቀድመው ደረሱ። ተሳቢው ቁልቁል ወርዶ አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ተክሏል። መንገዱ ላይ ሰውም ከብትም አልነበረም፤ ያ የእኛ ብልሃት ሳይሆን ዕድል ነው። የታንከሩ ቧንቧ ተሰብሮ ውኃው አፈር ላይ ይፈሳል። ሴቶቹ ወረፋ ይዘው፣ አንዷ በእጇ መዳፍ ስብራቱን እየደፈነች፣ በየተራ ይሞላሉ። ካሰብነው ግማሹን አትርፈው ወሰዱ። ከእኛ የረዳቸው ሹፌሩ ብቻ ነበር።

ቢሮ ስንመለስ ኃላፊው ሪፖርት እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። «ውኃው በኅብረተሰቡ ንቁ ተሳትፎ ተሰራጭቷል በል» አሉኝ። ውሸት ነው እንዳልል፣ ተሳትፎው በእርግጥ ንቁ ነበር። ጻፍኩት። ፈረሙበት። ከጥቂት ወራት በኋላ የተሻለ ቦታ ተመድበው ሄዱ፤ ሽኝት ኮሚቴውም ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ።

ውኃው በፈሰሰበት ሳምንት ግን አንድ ነገር ያለ ቃለ ጉባኤ አደረግኩ። ሰንሰለቱን ከመጋዘን አወጣሁና ሃምሳ አለቃው ቤት ሄድኩ። ደጃቸው ላይ በርጩማ ተቀምጠው ነበር። ሰንሰለቱን ተቀብለው ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ፈተሹ።

«ይህ ከመጀመሪያው ነበር?»

«ነበር።»

«የት?»

«ቆልፌበት ነው፣ አባባ።»

ስድብ ጠብቄ ነበር። «ተነስ፣ ኳሷን ግዛ» ብቻ አሉኝ። ጥቁሯን ገዛንና ከቦዩ ተጎትቶ ቧንቧው ወደተጠገነው ተሳቢ ሄድን። ጽዋው ውስጥ ጣታቸውን አዙረው ስንጥቅና መበላት እንደሌለው አዩ፤ ኳሷን ጎርሶ ሲቆለፍ ብቻ ረኩ። ኳሷን የሚያስረውን ዳዶ መፍቻውን በረጅም ቧንቧ አስረዝመው፣ እኔን እያስገፉ አጠበቁት። ሰንሰለቱን ወደ ቦታው መልሰው ግራሶ ስስ አድርገው ቀቡ። «አሸዋ ሲይዝ ቅባቱ ራሱ ሞረድ ይሆናል» አሉኝ፤ «ስለዚህ እያጸዳህ ነው የምትቀባው። ዳዶውንም በየጉዞው ነካ አድርገው። ኳሷ ክብነቷን ከለቀቀች ደግሞ አትዘንላት፣ ጣላት።»

ሁለተኛው ጉዞ ላይ ሹፌሩና እኔ ብቻ ነበርን። ያቺ ቀበሌ ስንደርስ እኒያ እናት ብቻቸውን ተነስተው መጡ። እኔን ትተው መጀመሪያ ከመኪናዋ ኋላ ሄዱ፤ ሰንሰለቱን ጎተት አድርገው ሞከሩት። ከዚያ ለሹፌሩ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉት፤ እሱም ሳቀ።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ዛሬ የሚናገር ሰው አልመጣም ወይ አሉኝ። አልመጣም ስላቸው፣ እንግዲያውስ ውኃ ሳይኖር አይቀርም አሉ።»

ሳቁ የእኔም ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን የባነሩ ያዥ መሆኔን አልረሱትም ነበር። ቧንቧውን ስከፍት ጀሪካናቸውን ከሥሩ አስቀምጠው፣ እስኪሞላ ድረስ ፊት ለፊቴ ቆመው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። አልተሳደቡም። ሲሞላ ክዳኑን ራሳቸው አጠበቁ፣ በእጃቸው ገልብጠው እንደማያፈስ አረጋገጡ፣ ተሸክመው ሄዱ።

ዝናቡ እስኪገባ በሳምንት አራት ጊዜ ተመላለስን።