ደመራው ሥር ያገኘናት ጃርት

በየትኛው ዓመት እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ይህን የማውቀው ልጄ ወደ ለንደን ያስመጣችኝ ከዚያ በኋላ ስለሆነ ነው። ቀኑ ግን የደመራ ቀን ነበር፤ ዝናብ አልዘነበም። እዚህ አገር ዝናብ አለመዝነቡ ራሱን የቻለ ወሬ ስለሆነ እሱን አልረሳሁትም።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል ቆጥሬ ትንሽ ዳዊት እንደ ጀመርኩ አባቴ ለእርሻው ፈለገኝ፤ በዚያው ቀረሁ። ጃርት ግን አውቃለሁ። በእኛ አገር ጃርት የድንችና የበቆሎ ጠላት ናት። ከምትበላው የምታበላሸው ይበዛል፤ አንዱን ድንች ገመጥ ታደርግና ትታው ወደ ሌላው ትሄዳለች። ስለዚህ እህል ከመድረሱ በፊት ወንዱ ሁሉ ተጠራርቶ ለአደን ይወጣል። አደኑ በቀን ነው፤ ማታ ስትበላ ያደረች አውሬ ቀን ጉድጓዷ ውስጥ ተኝታ ትገኛለችና። ከሁለቱ በቀር የጉድጓዱ መውጫ ሁሉ በድንጋይ ይደፈናል። በአንዱ አፍ ላይ እበትና የበርበሬ ፍሬ ይጨሳል፤ በሌላው አፍ ላይ ዱላ ይዘው ይጠብቃሉ።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን አንድ ሰው በደረቱ ተኝቶ፣ ጆሮውን መሬት ላይ ለጥፎ ማዳመጥ አለበት። አለበለዚያ ባዶ ጉድጓድ ሲያጨሱ መዋል ነው። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ጃርት ስትሰጋ እሾኋን ታንቀጫቅጫለች፤ ደረቅ ሸምበቆ በነፋስ ሲጋጭ የሚሰማውን ይመስላል። እሱን ስሰማ እጄን አነሳለሁ፤ ሰዎቹም እሳት ይጭራሉ። ሥጋዋን እኛ አንበላም። እሾኋን ግን ሴቶቹ ሹሩባ ሲሠሩ ለጠጉር መክፈያ ይወስዱታል።

ዛሬ እዚያም የለችም አሉ። ከዚያ ደመራ በፊት አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜን በስልክ ጠየቅኩት።

«ጃርት? የምን ጃርት? ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ ሆነ፤ ጉድጓዱም ታረሰ። የኔ ልጆች እኮ እሾኋን ከእናታቸው ሣጥን ውስጥ ነው የሚያውቁት።»

«ታዲያ ድንቹ ተረፈላችኋ?»

«ድንቹስ ተርፏል። ማሳ እጠብቃለሁ ብለን ከሚስት የምናመልጥበት ሰበብ ነው የጠፋው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ያን ያህል የነበረ ነገር እንዴት ያልቃል?

ወደ ደመራው ልመለስ። ዌምብሊ አካባቢ የምንገለገልበት ቤተ ክርስቲያን የእንግሊዞቹ ነበር፤ በኪራይ ነው። ከኋላው ሣር ያለበት ግቢ አለ። አገር ቤት ደመራ የሚደመረው በዕለቱ ነው፤ ሰው ሁሉ ችቦውን ይዞ ይመጣል። እዚህ ግን እንጨቱ የሚመጣው ቫን ባለው ሰው ነው። ባለ ቫኑ ደግሞ በዕለቱ ሥራ ስለነበረበት ሳምንት ሲቀረው አምጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ደምሮት ሄደ። ደመራችን ቆሞ ሰነበተ። ነፋሱም የግቢውን ቅጠል እየጠረገ ሥሩ አከማቸበት። እኛ ለመስቀል ብለን የሠራነው ለሌላም ጥሩ ቤት እንደሆነ ያሰበ አልነበረም።

የዚያን ዕለት ካህናቱ ለብሰው፣ መዘምራኑ ከበሮ አንግተው፣ ሰዉ ነጭ በነጭ ሆኖ ደመራውን ከብበን ቆመናል። ጸሎቱ ሊጀመር ሲል ከጎረቤት ቤት አንዲት እንግሊዝ አሮጊት በቤት ጫማዋ መጣች። ሰዉን እየገፋች አለፈችና መዳፏን እንጨቱ ላይ አድርጋ መናገር ጀመረች። እኔ «ፕሊስ» የምትለውን ብቻ ለየሁ።

አጠገቤ እትዬ ቆመው ነበር። እትዬ አሥመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሆስፒታል ሲያጸዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ከሆሎዌይ ሰፈር አውቶቡስ እየቀያየሩ የሚመጡ ሴት ናቸው። በዕድሜ እኔ ሳልበልጣቸው አልቀርም፤ ግን ሰው ሁሉ እትዬ ስለሚላቸው እኔም እትዬ እላለሁ።

«ምን ትላለች?» አልኳቸው።

«ጃርት አለች ትላለች። እንጨቱ ውስጥ። ከአጥሯ ሥር ቀዳዳ ሠርታላት፣ ማታ ማታ እየገባች ምግብ ትበላለች። ትናንትም በልታ ወደዚህ ስትመለስ አይታታለች።»

አሮጊቷ ንግግሯን አላቋረጠችም። እትዬም እየተከተሉ ይነግሩኝ ነበር። ልጅ ሳለች ከዚህ ሰፈር ጀርባ ገና ማሳ ነበር አለች። ያኔ በየቁጥቋጦው ሥር ሞልተው ነበር። ከዚያ ቤቱ በዛ፣ መኪናው በዛ፣ የሰው ግቢ ሁሉ በሲሚንቶ ተለበጠ። ከስንት ዓመት ወዲህ ያየችው ይህችን አንዷን ብቻ ነው።

ወንድሜ የነገረኝን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሴት ስትደግመው የሰማሁ መሰለኝ።

የበዓሉ አስተባባሪ ሰዓቱን እያየ መጣ። «እትዬ፣ ይንገሯት እስቲ። ካውንስሉ ጋ አፕላይ አድርገን ያገኘነው ፐርሚሽን እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ለአንዲት አይጥ ተብሎ ደመራ ይፈርሳል?»

«አይጥ አይደለችም» አሉ እትዬ። «ደግሞ ይህን አልተረጉምም። ከፈለግህ አንተው ንገራት።»

«ጭሱ ሲሸታት እኮ ራሷ ውልቅ ትላለች» አለ አንዱ ከኋላ።

እውነቱን ለመናገር እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ጃርት በጭስ ትወጣለች፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት እሱን ነው። እትዬ ይህን ሲነግሯት ግን አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች። ሁለት መዳፎቿን እንደ ኳስ ገጥማ ደረቷ ላይ ያዘች።

«ይህችኛዋ ስትፈራ አትሮጥም ነው የምትለው» አሉ እትዬ። «ትጠቀለልና እዚያው ባለችበት ትቀመጣለች።»

እሳት እየመጣበት ባለበት የሚቀመጥ አውሬ ሰምቼ አላውቅም። ጋቢዬን ሰበሰብኩና «እስቲ ላዳምጥ» አልኩ።

ጉልበቴን ይዤ ወረድኩ፤ ከዚያ በደረቴ ተኛሁ። «አባባ፣ ስግደቱ እኮ ገና ነው» አለ አንዱ መዘምር፤ ሰዉ ሳቀ። ጆሮዬን ወደ ቅጠሉ ሳስጠጋ ግን ሳቁ እየቀነሰ ሄደ። ከበሮ ሲነካካ የነበረውም እጁን አነሳ። መጀመሪያ የራሴን ልብ ሰማሁ። ባቡር አለፈ። እሱ ሲርቅ ከቅጠሉ ሥር ትንፋሽ መጣ። እንቅልፍ እንደያዘው ሕፃን ፍፍ ይልና ያቆማል፤ ደግሞ ፍፍ ይላል። ከሱ ሥር ሌላ ነገር አለ፤ ቀጭን፣ የጫጩት ድምፅ የመሰለ። አንድም አይደለም።

«አለች» አልኩ። «ብቻዋንም አይደለችም። ወልዳለች።»

ቄሱ ቀረብ አሉ። «እርግጠኛ ነዎት?»

«አባ፣ የደከመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።»

ቄሱ ደመራውን ከታች እስከ ላይ አዩት፤ ሰዉንም አዩ። አስተባባሪው ሊናገር ሲል ቀደሙት። «መስቀሉስ ቢሆን ክምር ተንዶ፣ ተቆፍሮ አይደል የተገኘው? አንሱት። ወዲያ ማዶ ጥግ ላይ ደምሩት። ቀስ ብላችሁ።»

እንጨቱን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ አነሳነው። ከሥር የተጎተተ እንደሆነ ይናድባታል። አንሺው እኔ ነበርኩ፤ ተቀባዩ እትዬ፤ ከሳቸው ተቀብሎ ማዶ የሚያደርሰው ደግሞ ኮቱን ያወለቀው ያው አስተባባሪ። መጨረሻ ላይ ጥቂት ጭራሮና ቅጠሉ ብቻ ሲቀር ተንበርክኬ ቅጠሉን በሁለት ጣቴ ገለጥ አደረግሁት።

እግዜር ያሳያችሁ። የኛዋ ጃርት ትልቅ ናት፤ እሾኋም ስንዝር ያልፋል። ይህችኛዋ በሁለት እፍኜ ትገባለች። እሾኋ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፣ ከታጨደ በኋላ ማሳ ላይ የሚቀረውን የጤፍ ቆረን ይመስላል። አፍንጫዋ ጥቁርና እርጥብ ነው። ሆዷ ሥር ልጆቿ ተደራርበዋል፤ አራት ይሁኑ አምስት አልቆጠርኩም። የነሱ እሾህ ነጭ ነው፤ ገና ያልጠነከረ። እንዳለችውም አልሮጠችም። ልጆቿ ላይ ክብ ሠርታ ጀርባዋን ሰጠችንና ጠበቀችን። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ከበሮ፣ እኔ የሚያህል ሰው ላይዋ ላይ ቆሞ፣ ያላት ነገር ያቺ ጀርባ ብቻ ናት።

አደን ላይ የኔ ጆሮ ሥራውን ሲጨርስ የዱላ ተራ ነበር። አግኝቶ ዝም ብሎ ማየትን አላውቀውም። እጄ ቅጠሉን እንደያዘ ቀረ።

«ያልብሷት እንጂ፣ ጋሼ» አሉ እትዬ በጆሮዬ። «ይህች ሴት ቶሎ አልብሷት እያለች ነው። ብዙ ካየናት ልጆቿን ጥላ ትሄዳለች።»

መልሼ አለበስኳት። ጭራሮውንም ከላይ መለስን።

ሰዓቱ ስላጠረን ማዶ የተደመረው ደመራ የቀድሞውን ግማሽ አይሞላም ነበር። ጸሎቱ ደርሶ ሲለኮስ ግን ነፋሱ ዞረ፤ ጭሱ መሬት ለመሬት እየተሳበ በቀጥታ ወደ ጃርቷ መጣ። እንግዲህ በጭስ አልወጣም ብላ ብትታፈንስ? ጋቢዬን ከትከሻዬ አወረድኩና በሁለት እጄ ዘርግቼ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። አንድ ጋቢ አልበቃም። እትዬ ነጠላቸውን ገፈው ጫፉን ከጋቢዬ ጫፍ ጋር ገጥመው ያዙት። ሰዉ እሳቱን እየዞረ ሲዘምር እኛ ጀርባችንን ለበዓሉ ሰጥተን፣ እንደ መጋረጃ ቆመን ጭስ ከለከልን።

«ዓይኔ ጠፋ» አልኩ።

«የኔስ? ያልቅሱ፤ ለመስቀል ያለቀሱ ነው የሚመስለው።»

እጄ እየዛለ ሲወርድ ቀና ያድርጉት ይሉኛል። በጣም ሲደክመኝ የኔንም ጫፍ ይዘው እስካርፍ ይቆያሉ። እልልታው ሲመጣ እሳቸውም በቀስታ፣ እንዳያስደነግጧት አፋቸውን ሸፍነው እልል አሉ።

እሳቱ ተንዶ ጭሱ ሲሳሳ አሮጊቷ በጎድጓዳ ሳህን ውሃ አምጥታ ጭራሮው አጠገብ አስቀመጠች። ሦስታችንም ወደ ኋላ ሸሸት ብለን ቆምን። ገና አልጨለመም ነበር። ቅጠሉ ተነቃነቀ፤ መጀመሪያ ያቺ እርጥብ አፍንጫ ወጣች። አየሩን ብዙ አሸተተች። ከዚያ መጥታ ጠጣች፤ ምላሷ ውሃውን ስትመታው ይሰማኝ ነበር። ጠጥታ ስትጨርስ ወደ ሌላ አልሄደችም፤ ዞራ ወደ ልጆቿ ገባች።

አሮጊቷ ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች። የኔ ክንድ እስከ ማግሥቱ አልታጠፈልኝም። ያን ጭስ ብቻዬን አልችለውም ነበር። ያስቻሉኝ የሆሎዌይዋ እትዬ ናቸው።