ሲስተር ይበቃሻል

የሰፈሩ ሴቶች «ሲስተር ይበቃሻል» የሚል ስም ያወጡላት በክፋት አልነበረም። በየቤቱ እየዞረች ስለ ወሊድ መከላከያ የምታስተምር ነርስ ናት፤ ሁለት ልጅ ያላት እናት ስታገኝ «እህቴ፣ ይበቃሻል» ማለት አመል ሆኖባታል። አንዷማ ውሃ ስትቀዳላት፣ ብርጭቆው ሳይሞላ «ይበቃኛል» ብትላት፣ «ለራስሽም ታውቂበታለሽ ለካ» ብላ ቤቱን አስቃባታለች።

ነርሷ የምትለውን ታምንበታለች። ስድስት ልጆች ባንድ ፍራሽ ተደራርበው ሲተኙ አይታለች፤ በዘጠነኛ ወሊዷ በነርሷ እጅ ላይ ሕይወቷ ያለፈውን እናትም አልረሳችም። እሷ ራሷ ግን ለእናቷ ስምንተኛ ልጅ ናት። ይህ ትዝ ሲላት ፈጣሪዋን ታመሰግንና ሐሳቡን ቶሎ ትቀይራለች።

አምና አንዲት የሰፈሩን ልብስ ሰፊ አግባብታ፣ አምስት ዓመት የሚያገለግለውን መከላከያ በክንዷ ቆዳ ሥር ቀበረችላት። ያኔ ልብስ ሰፊዋ ሁለት ልጆች ነበሯት። ዘንድሮ ትንሿን የሳንባ ምች ወሰደባት።

ከወራት በኋላ ጤና ጣቢያ መጥታ እንዲወጣላት ጠየቀች። ጤና ጣቢያው ያልተጻፈ ደንብ ነበረው፤ ጊዜው ሳይደርስ የሚያስወጡት ከበዙ ሪፖርቱ ስለሚበላሽ፣ ሴትየዋ እስኪሰለቻት «በሚቀጥለው ሳምንት ነይ» ትባላለች። ነርሷም እንዲሁ አለቻት። በሳምንቱም ደገመችው። ሐዘኑ ሲበርድላት ሐሳቧን ትቀይራለች እያለች ራሷን አጽናናች።

በሦስተኛው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ ክንዷን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ነርሷ ስትፈታው ቆዳው ተተልትሏል፤ ስፌት በምትፈታበት ምላጭ ራሷ ልታወጣው ሞክራ ነበር።

«በፈለግሽ ቀን ይወጣል ብለሽኝ ነበር፣ ሲስተር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አምኜሽ ነው እሺ ያልኩት።»

ነርሷ ጓንቷን አጠለቀች። ቁስሉን አጠበች፣ ክንዷን አደነዘዘች፣ መከላከያውን አወጣችላት። መዝገቡ ላይ «ምክንያት» በሚለው ቦታ «እናትየዋ ስለፈለገች» ብላ ጽፋ ፈረመችበት።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ከሰዓት በኋላ አስጠራት። ሁሉም ያሰኘውን ካደረገ ይህ ሁሉ ሕዝብ የት ሊገባ ነው ብሎ ጠየቃት። ጥያቄው የሷም ነበር፤ ስንት በር ላይ ቆማ ተናግራዋለች።

«እሱን አላውቅም፣ ጌታዬ» አለች። «ሁለት ጊዜ የመለስኳት ግን እኔ ነኝ።»

ኃላፊው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሚጻፍባት ነግሮ አሰናበታት።

በማግስቱ እንደ ወትሮው ዞረች። ሁለት ልጆች ያላት አንዲት እናት በሩን ከፍታ የተለመደውን «ይበቃሻል» ጠበቀች። ነርሷ ግን እሷ ራሷ ስለ መውለድ ምን እንደምታስብ ጠየቀቻት።

«ዛሬ አመመሽ እንዴ ሲስተር?» ብላ ሳቀች ሴትየዋ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ትታ ወንበር ሳበችላት።