ወንዝ ዳር የታረደው በግ

ባለቤቴ ሰው አልገደለም። ይህን ለፖሊሱም ለዳኛውም፣ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ተናግሬ ጉሮሮዬ ደርቋል። ዘርፏል ግን፤ እሱን አልክድም። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆነው ከበዴሳ ገበያ የሚመለስ የጨርቅ ነጋዴ ሊዘርፉ ወጡ። እሱ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ቆሞ መንገድ እንዲጠብቅ ተደረገ። ነጋዴው አልሰጥም ብሎ ሲታገላቸው አንደኛው በጦር ወጋው። ባለቤቴ ጩኸቱን ሰምቶ ሲደርስ ሰውዬው ሞቶ ነበር። ቤት መጥቶ የሆነውን ሁሉ ነገረኝ።

በዚያው ሳምንት የበኩር ልጃችን በትኩሳት ወደቀ። አማቴ ልጁን ሲያዩ "ጎሜ ነው" አሉ። ጎሜ በእኛ አገር ያልነጻ በደል ነው፤ በዳዩን ትቶ ልጁን ይይዛል ይባላል። እኔ ጸሎት ቤት የምሄድ አማኝ ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር አልወድም።

"አባባ፣ ወባ ነው። ሐኪም ቤት ልውሰደው" አልኳቸው።

"ውሰጂው፣ ልጄ" አሉኝ። "ደሙ ግን በመርፌ አይወጣም።"

በወጉ መሠረት ደም ከፈሰሰ አብሮ የሄደ ሁሉ መንጻት አለበት፤ የወጋና ያልወጋ አይለይም። አንዱ ከቀረ ለሌሎቹም አይሆንም። ሽማግሌዎች የሟችን ወንድሞች ለምነው ወንዙ ዳር አመጧቸው። በግ ታረደ፤ አራቱም እጃቸውን ደሙ ውስጥ ነክረው በወንዙ ታጠቡ። ባለቤቴ ሲታጠብ ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ።

ወሬው ፖሊስ ጋ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። አራቱንም ይዘው ሶዶ ወሰዷቸው።

ባለቤቴ አማርኛ ስለማይችል አስተርጓሚ ቆመለት፤ በደንብ ተርጉሞለታል፣ እሱን አልወቅሰውም። ዐቃቤ ሕጉ፣ ጦር መያዛቸውን እያየ ለዝርፊያ አብሮ የወጣ ሰው ለግድያውም ይጠየቃል አለ። የእኛ ተስፋ አንድ ብቻ ነበር፤ በመግደሉ እንዳልተስማማ ዳኞቹ ካመኑ ከስቅላት ይተርፋል። የወጋው ሰውዬ ራሱ "እሱ ወንዙ ጋ ነበር" ሲል ትንፋሽ አገኘሁ።

ከዚያ የሟች ወንድሞች ተጠሩ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ "እኛ ታርቀናል" ነው ያሉት። ስለ በጉም ያዩትን ተናገሩ። ዳኛው ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

"አልገደልኩም ካልክ፣ እጅህን ከገዳዮቹ ጋር ደም ውስጥ ለምን ነከርክ?"

"ደሙ እኔም ላይ ስላለ ነው፣ ጌታዬ" አለ። "ልጄ እንዲድንልኝ ብዬ።"

ዳኛው ይህን በግድያው መስማማቱን እንዳመነ ቆጠሩት። ስለ ጎሜ ላስረዳቸው ብድግ ስል ፖሊሱ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ። ቢሰሙኝስ፣ የትኛው የሕግ መጽሐፍ ላይ ሊያገኙት ነው? አራቱም ሞት ተፈረደባቸው፤ ይግባኙም አልረዳንም።

ልጁ ዳነ። እኔ ያዳነው የሐኪም ቤቱ መርፌ ነው እላለሁ። አማቴ እስኪሞቱ ድረስ በጉ ነው ይሉ ነበር፤ ልጃቸውን አጥተው ሌላ ምን ይበሉ? ልጄ አሁን አድጎ ቁርጥ አባቱን መስሏል። "አባቴ ምን አድርጎ ተሰቀለ?" ሲለኝ "ለዘራፊዎች መንገድ ጠብቆ" እለዋለሁ። እጁን ደም ውስጥ የነከረው ላንተ ሲል ነው ብዬ ግን ነግሬው አላውቅም።